በሰላይ መሳቅ ይገባልን?

የሰው ልጅ የሚስቀው በሚወደው ነገር ብቻ አይደለም፤ በሚፈራውም ነገር ይስቃል። ዳኛውን፣ ሹሙን፣ ባለጸጋውን፣ ሐኪሙን፣ ሌላው ቀርቶ ሞትን ራሱን የቀልድ ርእስ ያላደረገ ሕዝብ የለም ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሳቅን በቀላሉ የማይቀበሉ ነገሮች አሉ፤ ስለላ ከእነዚህ አንዱ ነው። በቋንቋችን «ጆሮ ጠቢ» እና «ነጭ ለባሽ» የሚሉት ቃላት ለጨዋታ የተፈጠሩ አይደሉም። ሰው ከጎረቤቱ ጋር፣ አንዳንድ ጊዜም በገዛ ቤቱ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲነጋገር ያስገደደው ፍርሃት የወለዳቸው ናቸው። በዚህ ፍርሃት ውስጥ ያለፈ ሰው፣ ሰላይን የሚያስቅ ፍጡር አድርጎ የሚያቀርብ ፊልም ሲያይ «ለመሆኑ ይህ የሚሳቅበት ነገር ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ተገቢ መልስ ይሻል። በደፈናው ከመመርመር ይልቅም በአንድ የታወቀ ምሳሌ ላይ ተመርኩዘን ብናየው ይሻላል። ምሳሌያችን «ጌት ስማርት» የተባለው አስቂኝ የአሜሪካ የስለላ ፊልም ነው። ርእሱ እንደ እኛ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። በአንድ በኩል «ብልህ ሁን» ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን «ስማርት» የባለ ታሪኩ የቤተ ሰብ ስም ስለ ሆነ «ስማርትን ያዙት» የሚል የጠላት ትእዛዝም ይሆናል።

የፊልሙ አመጣጥ

«ጌት ስማርት» በመጀመሪያ ፊልም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1965 በኤን.ቢ.ሲ. የቴሌቪዥን ጣቢያ መታየት የጀመረ፣ እያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ተከታታይ ዝግጅት ነበር። ደራስያኑ ሜል ብሩክስና በክ ሄንሪ ናቸው። የመጨረሻውን ዓመት በሲ.ቢ.ኤስ. ጣቢያ አሳልፎ በ1970 ሲያበቃ 138 ክፍሎች ታይተውለት ነበር።

ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከቶ የማይሳሳተው ሰላይ ጄምስ ቦንድ በ1962 በሲኒማ ብቅ ብሎ ብዙዎችን አስደንቆ ነበር። በዚያው ዓመት በኩባ በተተከሉ ሚሳይሎች ምክንያት ዓለም በኑክሌር ጦርነት አፋፍ ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱ ደራስያን በሕዝቡ ልብ ውስጥ የነበሩትን ሁለት ስሜቶች፣ ማለትም ለሰላይ የነበረውን አድናቆትና ከጥፋት የነበረውን ፍርሃት፣ አንድ ላይ ወስደው ቀለዱባቸው። ሁሉም ሰው ይህን ቀልድ አልወደደውም። ጽሑፉ አስቀድሞ የቀረበለት ኤ.ቢ.ሲ. የተባለው ጣቢያ ከአሜሪካዊነት መንፈስ ጋር አይስማማም ብሎ እንዳልተቀበለው ይነገራል። እንግዲህ በሰላይ መሳቅ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ከዝግጅቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

በዶን አዳምስ የተተወነው ማክስዌል ስማርት፣ የምስጢር ቁጥሩ 86፣ «ኮንትሮል» በተባለ የመንግሥት ስውር መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራል። ባላጋራው «ኬኦስ» የተባለው የጥፋት ድርጅት ነው። ማክስ ራሱን እንደ ታላቅ ሰላይ ይቆጥራል፤ ነገር ግን በጫማው ውስጥ የተደበቀውን ስልክ ለማንሣት ጫማውን አውልቆ ሶሉን በጆሮው ላይ መለጠፍ ያለበት ሰው ምን ያህል ግርማ ሊኖረው እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ። ባልደረባው በባርባራ ፌልደን የተተወነችው ቁጥር 99 ናት። ከእርሱ ይልቅ አስተዋይ ናት፤ ስሕተቱንም ብዙ ጊዜ የምታርመው እርስዋ ናት።

በ1980 እና በ1989 ይኸው ታሪክ በሌሎች ፊልሞች ተሞክሮ ነበር። ይበልጥ የታወቀው ግን ፒተር ሲጋል ያዘጋጀውና በ2008 የወጣው ነው። በዚህ ፊልም ማክስን ስቲቭ ካሬል፣ ቁጥር 99ን አን ሃታዌይ፣ የመሥሪያ ቤቱን አለቃ አለን አርኪን፣ የኬኦሱን መሪ ዚግፍሪድን ቴረንስ ስታምፕ ተጫውተዋል። ፊልሙ በሕይወት ላልነበሩት ለቀድሞዎቹ ተዋንያን ለዶን አዳምስና ለኤድዋርድ ፕላት መታሰቢያ ሆኗል። በፊልሙ መጀመሪያ ማክስ የጠላትን ንግግር እያዳመጠ ረጃጅም ዘገባ የሚጽፍ የቢሮ ሰው ነው። የመስክ ሰላይነት ፈተናውን ቢያልፍም፣ ለቢሮው ሥራ እጅግ ያስፈልጋል ተብሎ ሹመቱ ይከለከላል። ኬኦስ መሥሪያ ቤቱን አጥቅቶ የሰላዮቹን ማንነት ካጋለጠ በኋላ ግን፣ የእርሱ መልክ በጠላት ዘንድ ስላልታወቀ ከቁጥር 99 ጋር ወደ ሩስያ ይላካል።

ቀልድና ሐሰት

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሐሰት ነው። የሰላይ ሥራ ያለ ማስመሰል አይከናወንም፤ በሌላ ስም ይጓዛል፣ ያልሆነውን ነኝ ይላል። ታዲያ ይህን የሚያስቅ ነገር ማድረግ ሐሰትን ማለማመድ አይሆንምን?

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በዚህ ነገር ላይ ቀላል መልስ አልሰጡም። ቅዱስ አውጎስጢኖስ ሐሰትን በማናቸውም ምክንያት የማይፈቅድ ጥብቅ መምህር ነበር። እንዲያውም የእስራኤልን ሰላዮች ደብቃ አሳዳጆቻቸውን በሐሰት የመለሰችው የኢያሪኮዋ ረዓብ የተመሰገነችው ለእንግዶቹ ስላሳየችው በጎነት እንጂ ስለ ሐሰቷ አይደለም ብሎ ተርጉሟል። ይኸው ጥብቅ መምህር፣ በ395 ዓ.ም. ገደማ ስለ ሐሰት በጻፈው ድርሰት መጀመሪያ ላይ ቀልድን ከሐሰት ለይቶ ያስቀምጠዋል። ምክንያቱም ቀልደኛው በድምፁና በአኳኋኑ ለማታለል እንዳላሰበ ያሳያል። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሐሰትን ለጉዳት፣ ለጥቅምና ለጨዋታ የሚነገር ብሎ በሦስት ሲከፍል፣ ለጨዋታ የሚነገረውን ከብርቱ ኃጢአት አልቆጠረውም፤ ከነቀፋ ፍጹም ነጻ ነው ግን አላለም።

ከዚህ ትምህርት የምናገኘው መለኪያ የሚከተለው ነው፤ ሐሰቱ ይሰወራል ወይስ ይገለጣል? በተከታታዩ ዝግጅት ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ቀልድ አለ። ማክስ በጠላት እጅ ሲወድቅ፣ ቤቱ በብዙ ጦር ተከብቧል ብሎ ይዝታል። ጠላት አያምነውም። ማክስም ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ «ይህንስ ያምናሉ?» ብሎ ይጠይቃል። አሁንም አይታመንም። እንደ ገበያ ዕቃ ዋጋ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ በመጨረሻ ማንንም ሊያስፈራ ወደማይችል ነገር ይወርዳል። ተመልካች የሚስቀው ሐሰቱ ስለ ተሳካ ሳይሆን እርቃኑን ስለ ቀረ ነው። ይህም ከእኛ ሕይወት ሩቅ አይደለም። ዘግይቶ የመጣ ሠራተኛ፣ ብድሩን ያልመለሰ ወዳጅ፣ ትምህርቱን ያላጠና ተማሪ በመጀመሪያ ትልቅ ምክንያት ያቀርባል፤ ጠያቂው ዝም ብሎ ካየው ምክንያቱን ያሳንሰዋል። እውነት ተናጋሪ በዋጋ አይደራደርም፤ የሚደራደር የፈጠረውን የሚሸጥ ነው። ይህን የሚያሳይ ቀልድ ሐሰትን አያስተምርም፤ ያጋልጠዋል እንጂ።

ሳቅና የልብ መደንዘዝ

ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይከብዳል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሄንሪ ቤርግሶን በ1900 ስለ ሳቅ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ለመሳቅ ልቡን ለአፍታ ማደንዘዝ አለበት ይላል። ለወደቀው ሰው የምናዝን ከሆነ አንስቅም፤ ከሳቅን በዚያች ቅጽበት ማዘናችንን አቁመናል ማለት ነው። ይህ እውነት ከሆነ፣ በቦምብና በነፍስ ግድያ የሚቀልድ ፊልም ተመልካቹን ለሰው ሥቃይ እንዲደነዝዝ አያለማምደውምን?

መቃወሚያው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በፊልሙ ውስጥ የኬኦስ ሰዎች የኑክሌር ቦምብ በሎስ አንጀለስ የሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ ይሰውራሉ፤ የሚፈነዳውም የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ የመጨረሻው ድምፅ ሲሰማ ነው። የሰውን ልጅ ወንድማማችነት የሚያበስረው የደስታ መዝሙር የጅምላ ሞት ምልክት ሲሆን እናያለን። ማክስ ሮጦ የሙዚቃውን መሪ ሽማግሌ ከመድረክ ላይ ሲጥላቸው እንስቃለን። የሂሮሺማና የናጋሳኪ ሰዎች በ1945 ያዩትን ያየ ግን በዚህ አይስቅ ይሆናል፤ እርሱንም ሳቅ አይገባህም ብሎ መውቀስ አይገባም።

ሆኖም ግን ቤርግሶን የተናገረው የአፍታ መደንዘዝ ዘላቂ ጭካኔ እንዲሆን የግድ አይደለም። አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ስለ ጨዋታ ሦስት ዓይነት ሰዎችን ይለያል። አንዱ ለማሳቅ ሲል ማንንም ከማዋረድ የማይመለስ ነው፤ ሁለተኛው ከቶ የማይጫወትና ሌላው ሲጫወት የሚቆጣ ነው፤ ሦስተኛው በመካከላቸው ሆኖ በልክ የሚጫወት ነው። ቅዱስ ቶማስም ይህን ተቀብሎ በልክ መጫወትን ከምግባር ወገን ቆጥሮታል። ሁልጊዜ የተለጠጠ ደጋን እንደሚሰበር ሁሉ ዕረፍት የሌላት ነፍስም ትሰበራለች የሚለውን የአበው ታሪክ ጠቅሶ፣ ጨዋታን ፈጽሞ መጥላትም ጉድለት መሆኑን አስተምሯል።

ስለዚህ መጠየቅ ያለብን በአስፈሪ ነገር ሳቅን ወይስ አልሳቅንም ብቻ አይደለም፤ በማን ሳቅን? ከሳቅን በኋላስ ልባችን ምን ሆነ? ብለን ነው። «ጌት ስማርት» አብዛኛውን ጊዜ የሚስቀው ሁሉን አውቃለሁ በሚል ኃይል ላይ ነው። ይህ በጎ ጎኑ ነው። እንከን የለበትም ማለት ግን አይደለም። የ2008ቱ ፊልም አለፍ አለፍ እያለ በሰው ገላና በነውር ነገር ላይ የተመሠረተ ርካሽ ቀልድ ይጨምራል። በአሜሪካ የተሰጠው ደረጃም ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ወላጆች እንዲጠነቀቁ የሚያሳስብ ነው። አርስቶትል በመጀመሪያ ከጠቀሰው ሰው ጋር የሚመደቡ ትርኢቶች እንዳሉበት ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ጠላትም ሰው ነው

የፊልሙ ጠንካራ ሐሳብ ያለው በሌላ ስፍራ ነው። ማክስ ለባልደረቦቹ በሚያቀርበው ዘገባ ውስጥ ጠላቶቹ ምን እንደሚበሉ፣ በምን እንደሚጨነቁ፣ በትዳራቸው ምን እንደ ገጠማቸው በዝርዝር ይጽፋል። ባልደረቦቹ ይሰለቹታል። እርሱ ግን ክፋታቸው ሥራቸው እንጂ ማንነታቸው አይደለም፤ ሰዎች መሆናቸውን ካልተረዳን ልናሸንፋቸው አንችልም የሚል አቋም አለው። በቀልድ መካከል የተነገረ ቢሆንም ይህ ጥልቅ አነጋገር ነው። ሰውየውን ከድርጊቱ ለይቶ ማየት የሥነ ምግባር ትምህርት መሠረት ነውና።

በኋላም በሞስኮ፣ ዳሊፕ የተባለ ግዙፍ የኬኦስ ሰው እነ ማክስን ሊገድላቸው ሲል፣ ማክስ በጡንቻ እንደማይችለው ያውቃል። ስለዚህ ስለ ትዳሩ ችግር ያነጋግረዋል፤ ሲያዳምጠው የኖረውን የሰውየውን ኀዘን አንሥቶ ይመክረዋል። ግዙፉ ሰው ይለሳለሳል፤ እነርሱም ያመልጣሉ። ቆይቶ ስለ ቦምቡ ስፍራ ለማክስ በምስጢር መልእክት የሚልከው ይኸው ዳሊፕ ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ማክስ ይህን ሁሉ ያወቀው በድብቅ በማዳመጥ አይደለምን? የሰውን የጓዳ ኀዘን ሰርቆ ሰምቶ፣ በኋላ ነፍሱን ለማትረፍ ሲጠቀምበት ፍቅር ነው ወይስ ብልጠት? ፈላስፋው ካንት ሰውን ሁልጊዜ እንደ ፍጻሜ እንጂ እንደ መሣሪያ ብቻ አድርገህ አትመልከት ያለው እንዲህ ያለውን ነገር የሚነካ ነው። የማዳመጡ መንገድ ንጹሕ ነው ብለን ለመሟገት አንችልም፤ የሰውን ገመና በስውር ማድመጥ ምን ያህል ቤት እንዳፈረሰ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነገር ግን አንድ ልዩነት እንይ። ጆሮ ጠቢ የሰማውን ለመጉዳት ያቀብላል፤ ማክስ ግን የሰማውን ለባለቤቱ መልሶ ምክር ያደርግለታል። በዚያች ሰዓት ለዳሊፕ የተናገረው አንዳች ሐሰት የለበትም። ሐሰት የሙያው መሣሪያ የሆነ ሰው፣ ከሞት የዳነው እውነቱን በርኅራኄ ስለ ተናገረ ነው። ራሱን ሊያድን ፈልጎ እንደ ሆነም አይካድም፤ ይሁን እንጂ ሰውየውን የመሣሪያ ያህል ብቻ አልቆጠረውም፤ እንደ ባልና እንደ ሰው አናግሮታል።

ችሎታና ታማኝነት

በፊልሙ ውስጥ ሁሉ የሚያደንቀው ሌላ ሰው አለ፤ ድዌይን ጆንሰን የተጫወተው ቁጥር 23። መልከ መልካም፣ ብርቱ፣ በሥራው የማይሳሳት ነው። በመጨረሻ ለኬኦስ የሚሠራው ከዳተኛ እርሱ ሆኖ ይገኛል። ማክስ ግን በሐሰት ተጠርጥሮ ይታሰራል፤ ሲያመልጥም ያሰሩትን ሰዎች ለማዳን ይሮጣል እንጂ አይበቀላቸውም።

ይህ ልብ ወለድ ብቻ ነው የሚል ካለ ታሪክን ይመልከት። በታዋቂው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተማረው እንግሊዛዊው ኪም ፊልቢ፣ በጨዋነቱና በችሎታው የተመሰገነ ሰው ነበር። በ1944 በብሪታንያ የውጭ የስለላ ድርጅት ውስጥ ሶቭየት ኅብረትን የሚከታተለው ክፍል ኃላፊ ሆነ። እርሱ ግን ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሶቭየት ሰላይ ነበር። በጥር 1963 ከቤይሩት ወደ ሞስኮ ሲኮበልል፣ ለረጅም ጊዜ ያመኑት ወዳጆቹ በኀፍረት ቀሩ። «ጌት ስማርት» የተጀመረው ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሌባውን እንዲጠብቅ ሌባው ራሱ ተሾመ ቢባል በቀልድ እንኳ የተጋነነ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ሆነ።

አበው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ለነቀፋ የሚነገር ነው፤ ሆኖም የያዘው መልካም ነገር ሲሆን አለመልቀቁ ታማኝነት ይባላል። የተከታታዩ ዝግጅትም የፊልሙም ማክስ በዚህ ይመሳሰላሉ። ችሎታ ለየትኛውም ጌታ ሊያገለግል ይችላል፤ ታማኝነት ግን ጌታውን አይለውጥም። ልጆቻችንን ስናሳድግም ሆነ ለኃላፊነት ሰው ስንመርጥ ብልሃትን ብቻ መለኪያ ካደረግን፣ ቁጥር 23ን የምናሳድግና የምንሾም እኛው ነን።

ይህ ሲባል ግን ስንፍናን ማወደስ እንዳይሆን ያስፈልጋል። በቅን ልብ የተሠራ ስሕተትም ሰው ይገድላል። በ2003 የኢራቅ ጦርነት የተጀመረው አገሪቱ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት በሚል ምክንያት ነበር፤ ከወረራው በኋላ ግን የተባለው ክምችት አልተገኘም። በ2005 ውጤቱን ያቀረበው የአሜሪካ አጣሪ ኮሚሽንም፣ የስለላ ድርጅቶቹ ከጦርነቱ በፊት የሰጡት ግምት ከሞላ ጎደል ሁሉ ስሕተት እንደ ነበር ገልጿል። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው ፊልም ጀግናውን የማይነበብ ዘገባ የሚጽፍ ትጉህ ሰው አድርጎ ማቅረቡ የሚያሳስብ ነገር አለው። የድሮው ማክስ አለማወቁን የማያውቅ ትዕቢተኛ ነበር፤ በእርሱ ስንስቅ በራሳችን ትዕቢት እንስቃለን። የአዲሱ ማክስ ግን በእጁ ቢደናቀፍም በጆሮው ትጉህ ነው። ታማኝነት ሙሉ የሚሆነው እንዲህ ያለ ትጋት ሲታከልበት ነው።

የዝምታው ጉልላት

ከዝግጅቱ ታዋቂ ዕቃዎች አንዱ ምስጢር ለመነጋገር ተብሎ በሁለት ሰዎች ራስ ላይ የሚወርድ የመስታወት መሰል ጉልላት ነው። ማክስ ሁልጊዜ ካልወረደ ብሎ አለቃውን ያስቸግራል። ጉልላቱ ሲወርድ ግን በውስጡ ያሉት እርስ በርሳቸው መደማመጥ ይሳናቸዋል፤ አንዳንዴም በውጭ የቆመው ሰው ከእነርሱ አብልጦ ይሰማል። ምስጢርን ከልክ በላይ የሚወድ ማኅበር ወይም ቤተ ሰብ ምን እንደሚደርስበት ከዚህ በላይ በግልጽ ማሳየት ያስቸግራል። ጎረቤት ሁሉ የሰማውን የቤቱ ሰዎች ብቻ ሳይነጋገሩበት የሚቀሩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በሰላይ መሳቅ ይገባልን? ሳቁ ሐሰትን የሚያጋልጥ፣ ኃይለኛውን ወደ ልኩ የሚመልስና የጠላትን ሰውነት የማያስረሳ እስከ ሆነ ድረስ ይገባል። ደካማውን የሚያዋርድ፣ ሥቃይን የሚያቀልል፣ ነውርን የሚያለማምድ ሲሆን ግን አይገባም። በአንድ ፊልም ውስጥ ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ፤ ለይቶ ማየት የተመልካቹ ፈንታ ነው። ሰዎች በሰላይ ለመሳቅ የሚፈሩበት አገር ገና ከፍርሃት ያልወጣ አገር መሆኑንም አንርሳ።

ወላጆችና የወጣት መሪዎች ይህን ወይም ይህን የመሰለ ፊልም ከልጆች ጋር ሲያዩ፣ መጨረሻው ላይ አጥፍተው ከመነሣት ይልቅ ጥቂት ቢወያዩ መልካም ነው። በማን ሳቅን? የትኛው ሳቅ አሳፈረን? ከማክስና ከቁጥር 23 ማንን ለመምሰል እንወዳለን? ልጆች ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጡት መልስ ብዙ ጊዜ ከምንጠብቀው የበሰለ ነው፤ እኛም ማክስ የጠላቱን ኀዘን ባዳመጠበት ትዕግሥት ልናዳምጣቸው ይገባናል።